የዶክተር የሺ ጨው

ዶክተር የሺ ማረፏን የሰማሁት የጫማ ካርቶን እየከፈትኩ ነው። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ወትፌ "አቤት" አልኩ፤ ወንድሟ ነበር። "ጀማል፣ እህቴ ዛሬ ጠዋት..." ብሎ ቀሪውን መናገር አቃተው። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። እጄ ግን ሥራውን አላቆመም። ከአዲሱ ጫማ ውስጥ ያቺን ትንሽ ነጭ ከረጢት አወጣና ኪሴ ከተታት። ጫማ ሲሸጥ የኖረ ሁሉ ያውቃታል፣ እቃው እርጥበት እንዳይዘው ከውጭ አብራ የምትመጣው፣ ውስጧ ጠጠር ጠጠር የሚል፣ እኛ ጨው የምንለው ነገር ያለባት፣ ላይዋ ላይ "አትብላ" ተብሎ የተጻፈባት። ሌላው ሰው ይጥላታል። እኔ ለስንት ዓመት ሰብስቤያታለሁ። ኪሴን ስዳብስ ነው እንባዬ የመጣው። አሁን ለማን ነው የምሰበስበው?

ወጥቼ ለጎረቤቴ ለሸምሱ ነገርኩት። ሸምሱ ጃኬት አስመጪ ነው፤ የእኔና የእሱ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ትልቅ ሰውዬ ነው። የጃኬቱ ጥቅል ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። መርካቶ ዱባይ ተራ እንዲህ ያለ ነገር አልለመደም፤ እዚህ ሰው የሚጮኸው በዋጋ ነው። አንድ ደላላ ጠጋ ብሎ "ምኑ ናት?" አለኝ። "ረጅም ነው" አልኩት። እሱ ለመስማት ጊዜ አልነበረውም። እኔ ግን መናገር አለብኝ፤ ዝም ካልኩ ያንቀኛል።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ሌባ መስላኝ ነበር። በሬ ላይ የጣልነውን ባዶ ካርቶን ጎንበስ ብላ ትበረብራለች። መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቡናማ ጫማዋ ተረከዙ ወደ ውጭ ተበልቷል። ጫማ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው፣ አትፍረዱብኝ።

"እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?"

"ይቺ" አለች፣ ከረጢቷን ከፍ አድርጋ። "ብዙ አለህ?"

"ቀኑን ሙሉ ስንጥል ነው የምንውለው። አትበላም እኮ፣ መርዝ ናት።"

"ማንበብ እችላለሁ" አለችኝ። "ከዛሬ ጀምሮ አትጣል። ቅጠል ላደርቅባት ነው።"

"የምን ቅጠል?" አልኩ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ። እዚህ ሰፈር ቅጠል ሲባል የምናውቀው አንድ ቅጠል ነው።

"የጽጌረዳ ዘመዶችን" አለች።

እብድ ናት ብዬ ደመደምኩ። ለእብድ ደግሞ እንቢ አይባልም፣ ሰደቃ ነው። በፌስታል ሞልቼ ሰጠኋት። "ይውሰዱ እትዬ" ስላት ቆጣ አለች። "አንቱ አትበለኝ። የሰባተኛ ሰፈር ልጅ ነኝ። ሰባተኛ ላይ አንቱ የሚሉህ ሊበደሩህ ሲፈልጉ ነው።" ያን ጊዜ ነው እብድ አለመሆኗን የጠረጠርኩት።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፣ ከዚያ በየሳምንቱ። ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት የምታስተምር ዶክተር መሆኗን ቆይቼ ነው የሰማሁት። እናቷ መርካቶ ውስጥ ኮሶ ሻጭ ነበሩ፤ እሷን ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ኮሶ እየዘረጉ ነው። "የኮሶ ሻጭ ልጅ" በእኛ አገር ምን ዓይነት ስድብ እንደሆነ የማያውቅ የለም፣ ንጉሥ እንኳ ተሰድቦበታል። እሷ ትምህርት ቤት ሲሰድቧት "ነኝ፤ ሆድህን ሲነፋህ ና" ትላቸው ነበር አሉ። ትልቅ ሰው ሆናም ያው ናት። ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚርገፈገፈው። ኮክ ስትበላ ፍሬውን አትጥልም፤ በመሐረብ ጠርጋ ኪሷ ትከታለች። ያን ሁሉ ዓመት ተመላልሳ አንድም ጫማ ገዝታኝ አታውቅም። ያንኑ ቡናማ ጫማ እያስጠገነች ኖረች። "አታፍሪም? የጫማ ሱቅ ደንበኛ ሆነሽ!" ስላት "እኔ የካርቶኑ ደንበኛ ነኝ" ትላለች።

አንድ ቀን ሱቁ ጭር ሲል ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት። የጽጌረዳ ቤተሰብ የሚባል አለ አለችኝ። ጽጌረዳ ራሷ አለች፤ በየአጥሩ ላይ ነጭ አበባ የሚያወጣው ቀጋ አለ፤ እንጆሪ፣ ፖም፣ ኮክ፣ ጥቁር እንጨት፣ ኮሶም አሉበት።

"ኮሶ? ያ መራራ?"

"ካንተ ቤተሰብ መራራ ሰው የለም?"

አማቴን አሰብኩ።

"ጫማ ስትደረድር በምንድነው?" አለችኝ መደርደሪያዬን እያየች።

"የወንድ ለብቻ፣ የሴት ለብቻ፣ ስኒከር ለብቻ።"

"በሙያው የቀደሙንም እንደዚያ ነው የደረደሩት። በፍሬ። ሥጋው ውስጥ አንድ ጠንካራ ፍሬ ያለው፣ እንደ ኮክ፣ አንድ ክፍል። እንደ ፖም ያለው ሌላ ክፍል። ፍሬው ደረቅ የሆነው ደግሞ ሌላ። እኔም ተማሪ ሆኜ እንዲሁ ተማርኩ፣ እንዲሁ አስተማርኩ። አሁን በዚሁ ድርድር መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው፤ በአማርኛ፣ የገጠር መምህር ሳይቀር የሚያነበው። መጀመሪያው መስመር ምን እንደሚል ታውቃለህ? ዛፍ በፍሬው ይታወቃል።"

ይቺን አባባል ትወዳት ነበር። ደላላውን አይታ፣ ነጋዴውን አይታ፣ እኔ ደንበኛ ሳታልል ይዛኝ፣ "ዛፍ በፍሬው ይታወቃል፣ ጀማል!" ትለኝ ነበር።

"ታዲያ ፍሬውን ካወቅሽው ቅጠሉ ምን ያደርግልሻል?"

"ለማረጋገጥ። ቅጠሉ ውስጥ ዓይን የማያየው ጽሑፍ አለ፣ ዲኤንኤ የሚባል። ከወላጅ ወደ ልጅ እየተገለበጠ የመጣ ነው። ፊደሉ አራት ብቻ ነው። የሁለት ዛፍ ጽሑፍ ጎን ለጎን ሲነበብ የቅርብ ዘመዶች ከሆኑ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ከራቁ ይበዛል። ቅጠሉ ቶሎ ካልደረቀ ግን ጽሑፉ ይበላሻል። ለዚህ ነው ያንተን ጨው የምለቅመው።"

"አራት ፊደል ብቻ? እኛ ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ይዘን አልተግባባንም!" አልኳት። ትከሻዋ ተርገፈገፈ።

ጨዉን እኔ ጋ የምታጠራቅምበት ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ አመጣች። ከነጩ ጋር ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰማያዊ የጨው ፍሬ ቀላቀለችበት። ሰማያዊው ምልክት ነው፤ ደረቅ ሲሆን ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ሮዝ ይሆናል። ሮዝ ሲሆን ቤቷ ወስዳ በአሮጌ መጥበሻ ትቆላውና እንደገና ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። ጠርሙሱን ከገንዘብ መቀበያዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። እንግዲህ መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

ዱባይ ተራ ወሬ የሚሰማው በግማሽ ጆሮ ነው፤ ሌላው ግማሽ ደንበኛ ላይ ነው። "ሴትዮዋ ዲኤንኤ ናት" ተባለ። ያኔ በሬዲዮ ዲኤንኤ የሚነሳው የልጅ አባት ሲፈለግ ነው። ጠርሙሱ ደግሞ ቀለም ይቀያይራል። ሁለቱን ገጣጠሙና አዲስ እውቀት አወጡ፤ የሰው ፀጉር ጨው ውስጥ ሲቀመጥ ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ልጅህ ነው፣ ሮዝ ከሆነ አይደለም። እኔ ስሰማ ስቄ አለፍኩ። ሸምሱ እንዳልሳቀ አላየሁም።

ሸምሱ ያኔ አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ሐያት ትባላለች፤ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነው። እሱ ጠይምና ወፍራም፣ ሚስቱ ዘይነባም ጠይም። ልጅቷ ቀይ፣ ቀጭን፣ አፍንጫዋ ሰልካካ። ደንበኛ ሁሉ ባያት ቁጥር "ይቺን ከየት አመጣሃት?" ይለዋል። ቀልድ ነው። ግን አንድ ቀልድ በቀን አሥር ጊዜ ሲሰማ ቀልድነቱ ያልቃል። ሸምሱ ከዓመት ዓመት እየጨለመ ሄደ። እኛ የገበያ መቀዝቀዝ ነው ብለን ነበር።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ነው፣ ክረምት። ዝናቡ ኮሪደሩ ድረስ ይገባል። ዶክተር የሺ በስብሳ መጣችና ደንበኛ ጫማ የሚለካበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዛለች።

"መጽሐፌ ነው" አለችኝ።

"ወጣ እንዴ? ማብሩክ!"

"ከማተሚያ ቤት መልሼ ወስጄው ነው።"

ፊቷን አየሁት። ከሠርግ ሳይሆን ከቀብር የመጣ ሰው ፊት ነው።

የቅጠሉ ውጤት ወጥቷል። የእሷ ብቻ አይደለም፣ በሌላ አገር ያሉ የሙያ ጓዶቿም እዚያው ደርሰዋል። የፖምና የኮክ ክፍል የሚባሉት ሁለት አይደሉም፤ አንድ ናቸው። ደረቅ ፍሬ ያላቸውም እዚያው መሀላቸው ገብተው ተቀምጠዋል። ፍሬው በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ቅርንጫፍ ላይ፣ እየተለዋወጠ የመጣ ነገር ነው እንጂ የዘመድነት ምልክት አይደለም። "ፍሬው አታለለኝ" አለች። "የኔ መጽሐፍ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በፍሬ ነው የተሠራው። ግማሽ ዕድሜዬ ነው፣ ጀማል።"

እኔ ነጋዴ ነኝ። የመጣልኝን ተናገርኩ። "ዝም ብለሽ አሳትሚው። ማን ያውቃል?"

"እኔ።"

"ተማሪው የት ያውቃል ነው የምልሽ!"

"ለዚያ ነዋ የማልችለው" አለች። "ተማሪው ስለማያውቅ።"

ይህን እያለችኝ ከሸምሱ ሱቅ ጩኸት ተሰማ። ወጣን። ዘይነባ ሻንጣ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ታለቅሳለች። ሐያት የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ አንዴ አባቷን አንዴ የተሰበሰበውን ሰው ታያለች። ሸምሱ የሽሮፕ ጠርሙስ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይጮኻል።

"ይኸው! ሮዝ ሆነ! እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ዲኤንኤው ነው የተናገረው! ወደ ወንድሞችሽ ሂጂ!"

ከጠርሙሴ ተደብቆ ሰማያዊ ፍሬ ወስዷል ለካ። የልጅቷን ፀጉር፣ ታጥባ ስትወጣ ቆርጦ፣ እርጥቡን፣ ከራሱ ጢም ጋር ጨምሮ ሳምንቱን ሙሉ አስቀምጦታል። በሐምሌ! ያ ጨው ሮዝ ሳይሆን ምን ሊሆን ነበር?

ዶክተር የሺ መጽሐፏን እኔ ላይ ጥላ ሰውን እየገፋች ገባች። "ስጠኝ" አለችው። ያን ግዙፍ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲሰጣት አየሁ። ጠርሙሱን ወደ ሱቄ ይዛ መጣች፤ ሸምሱ ተከተላት፣ ዘይነባና ልጅቷም፣ ግማሽ ዱባይ ተራም ተከተለ።

"ጀማል፣ ምድጃህን ሰካ።"

ሻይ የማፈላባትን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰካሁ። የድሮ ብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ሰጠኋት። ፍሬዎቹን መዳፏ ላይ ገለበጠች። ከመሀላቸው የሐያትን ፀጉር ዘለላ በዘለላ ለቀመች፤ አንድም ሳታስቀር በመሐረቧ ጠቅልላ ለዘይነባ ሰጠቻት። ከዚያ ሮዙን ክዳኑ ላይ አፍስሳ ምድጃው ላይ ጣደችው። ሰው አንገቱን አስግጎ ከበባት። ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ ከጠርዙ፣ ሮዙ እየደበዘዘ ሰማያዊ መጣ።

"እሺ ሸምሱ፣ አሁንስ ልጅህ ናት?"

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን አየ።

ክዳኑን አውርዳ፣ ትንሽ አብርዳ፣ ከደጅ ዝናብ በጣቷ ወስዳ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ሮዝ ሆነ። "አሁንስ? በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ልትወልዳትና ስንት ጊዜ ልትክዳት ነው?"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ዞር ብላ "እናንተ ሱቅ የላችሁም?" ስትላቸው አንድ በአንድ ተበተኑ። እኔ የራሴ ሱቅ ስለሆነ ቀረሁ።

ሸምሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ላቡን ጠረገ። ቀስ ብሎ "እንግዲያውስ እውነተኛውን ይመርምሩልኝ፣ ዶክተር" አላት። "እርስዎ ይችላሉ።"

"እኔ ዛፍ ነው የምመረምረው" አለችው። "ዛፍ ውጤቱን ሰምቶ አያለቅስም። ለምን ጠረጠርክ? ሚስትህ ላይ ያየኸው ነገር አለ?"

"ወላሂ የለም።"

"ታዲያ?"

"አትመስለኝማ! ሰው ሁሉ ይላል።"

ያኔ መጽሐፏን ከእኔ ላይ ወሰደችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። "ይሄ ክብደቱ ይሰማሃል? የማይመስሉ ነገሮችን ባዳ ናቸው ብዬ የጻፍኩት ነው። ዛሬ ከማተሚያ ቤት አወጣሁት፣ ምክንያቱም ዘመድ ሆነው ተገኙ። ኮክና ፖም፣ ሸምሱ፣ አስበው እስቲ፣ ምናቸው ይመሳሰላል? እኔ በመልክ ፈርጄ ስሳሳት የተጎዳው ወረቀት ነው። ወረቀት ይቀደዳል፣ ሌላ ይጻፋል። አንተ የምትቀድዳት ግን ያቻት፣ በሩ ላይ ቆማለች።"

ድምፏ መጨረሻ ላይ ተሰበረ። ለልጅቷ ይሁን ለመጽሐፏ አላውቅም፤ ለሁለቱም ይመስለኛል። ሸምሱ መጽሐፉን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ተነስቶ ለእሷ መለሰላትና ወደ በሩ ሄደ። ለዘይነባ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ሻንጣውን ከእጇ ተቀበላት፣ ሐያትን ትከሻው ላይ አወጣትና ወደ ሱቁ ገባ።

ሰው ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። "አንቺ ለዛፍ እውነት ብለሽ ግማሽ ዕድሜሽን ወረወርሽ" አልኳት። "የሸምሱን እውነት ግን ለማወቅ አልፈለግሽም።"

"እኔ ሐሳቤን የቀየርኩት ማስረጃ መጥቶብኝ ነው" አለችኝ። "ሸምሱ ማስረጃ የት አለው? ያለው ዝናብ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሸምሱ የጃኬቶቹን ከረጢት አንድም ሳይጥል በየሳምንቱ ጠርጎ፣ አጠራቅሞ ያመጣላት ነበር፤ አጥቦ እንዳልል ውሃ አይነካውም። "ከይቅርታ ጋር" ይላታል ሁልጊዜ። እሷም መጽሐፉን እንደ አዲስ ጀመረችው። ቀላል አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቿ ጭምር "በፍሬው ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ?" እያሉ ይወጓት ነበር፤ "እኔ ነኝ፤ እንግዲያው የማርመውም እኔ ነኝ" ትላለች። ቀበሌ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ ጸሐፊው "ብሔር?" ሲላት፣ "ዕፅዋትን ግማሽ ዕድሜዬን በትክክል መመደብ ያቃተኝ ሴትዮ ነኝ፣ ራሴን አንተው መድበኝ" አለችው አሉ። ጸሐፊው ተናዶ ቤቷ መልሷታል። በነጋታው ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው፣ እንጆሪም ወሰደችለት። ዶክተር የሺ እንዲህ ነበረች፤ አፏ ይቀድማታል፣ እግሯ ግን ይመለሳል።

አዲሱ መጽሐፍ ሲወጣ መጀመሪያ ያመጣችው ለእኔ ነው። ግማሹ አይገባኝም። የመጀመሪያውን መስመር ግን በቃሌ ይዤዋለሁ። "ዛፍ በፍሬው ይታወቃል ይባላል፤ እኔም ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር።" ያን ቀን ጫማ በግድ ሰጠኋት፣ ቡናማ፣ ተረከዙ ጠንካራ። "ጉቦ ነው" ብላ ሳቀች። ስትታመም ልጠይቃት ስሄድ ጫማው አልጋዋ ሥር ነበር፤ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ከረጢቱን ብቻ አውጥታዋለች።

ለልቅሶው እኔና ሸምሱ አብረን ሄድን። ሐያትም መጣች። ቁመቷ አባቷን አልፏል፤ አሁንም ቀይ፣ አሁንም ቀጭን፣ በዚያ ላይ እንደ አባቷ ዋጋ ስትከራከር አያድርስ ነው። ሰባተኛ ሰፈር ድንኳን ተጥሏል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሸምሱ አሁንም እንባው አልቆመም፣ ሐያት ክንዱን ይዛዋለች። ከፊታችን የተቀመጡት የዶክተር የሺ አክስት፣ በጣም ያረጁ ሴት፣ አተኩረው አዩት።

"ልጄ፣ አንተ ምኗ ነህ?"

"ዘመዷ ነኝ፣ እማማ" አለ ሸምሱ።

"በእናት ነው በአባት? አላውቅህምሳ። ይቺስ?"

"ልጄ ናት።"

አሮጊቷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። "እንዴ፣ ምንም አትመስልህም እኮ!"

እኔ ወሬ ላስቀይር አፌን ከፈትኩ። ሸምሱ ግን ፊቱን በሻርፑ ጠረገ፣ የሐያትን እጅ ክንዱ ላይ ጠበቅ አደረገ፣ ቀና አለ።

"ኮክና ፖምም አይመሳሰሉም፣ እማማ" አላቸው።